ስድስቱ የድንኳን ብረቶች

ደረቅ አምባ ሰው ሲታመም ጠያቂ አይጠፋም፤ እንደ ቢተው ያለ ጠያቂ ግን ታይቶም አይታወቅ። ጋሽ ጀብሪል አልጋ ከያዙ ጀምሮ አንድም ቀን ሳይጠይቃቸው አልዋለም። ጠዋት ወፍጮ ቤቱን ሳይከፍት ይመጣል፤ ማታ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከትከሻው ላይ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ይመጣል። ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ትንፋሻቸውን ያዳምጣል። ስንት ማንኪያ ሾርባ እንደቀመሱ ልጃቸውን ፈይዛን ይጠይቃል። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ እግራቸው አብጦ እንደሆነ ያያል። የሰፈሩ ሴቶች ይህን አይተው "የወለዱት ልጅ እንኳ እንዲህ አይሆንም" እያሉ መረቁት።

ምርቃቱ እንደ እሾህ ነበር የሚወጋው። ቢተው የሚመጣው ሕመማቸው አሳዝኖት ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ስንት ቀን እንደቀራቸው ሊገምት ነበር የሚመጣው። ሞተር ሊቆም ሲል ከድምፁ የሚያውቅ ጆሮ አለው፤ ያንን ጆሮ ይዞ የሰው ትንፋሽ ላይ ተቀመጠ። እያፈረ ተቀመጠ፤ ግን ተቀመጠ። ጋሽ ጀብሪል ከሞቱ ድንኳን ይተከላል፤ ድንኳኑ የሚቆምበት ብረት ደግሞ ገደል ውስጥ ነበር።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የደረቅ አምባ ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብር አንድ ቅሬ ነው። አንድ ድንኳን አለው፤ ቃሬዛ፣ አካፋና ዶማ፣ ትልልቅ ድስቶች አሉት። ሁሉም የሚቀመጠው ከቢተው ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። በሯ ብረት ስለሆነ፣ ቢተውም የሰው ዕቃ የማይነካ ስለተባለ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ቁልፉን ያስረከቡት የቅሬው ዳኛ ጋሽ ጀብሪል ራሳቸው ነበሩ።

"የቅሬ ዕቃ የሙት ዕቃ ነው" አሉት ያን ቀን ቁልፉን ሲያስጨብጡት። "ለሕያው ሥራ አይወጣም። ያወጣ ሰው እሱም ከቅሬው ይወጣል።"

ቢተው መስቀል ስሞ ማለ።

ከቅሬ መውጣት ምን እንደሆነ ደረቅ አምባ በዓይኑ አይቷል። ምናለ የሚባል ጎረቤታቸው አንድ የቅሬ ድስት ደብቆ መካነ ሰላም ገበያ ሸጠና ተያዘ። በዓመቱ ትንሽ ልጁ ሞተችበት። የጠራ የለም፤ የመጣም የለም። ምናለና ሚስቱ ብቻቸውን ቆፍረው ብቻቸውን ቀበሩ። ያን ቀን ቢተው የእናትየው ለቅሶ እንዳይሰማው ብሎ፣ አንዲት ቁና እህል ሳይኖር ሞተሩን አስነስቶ ባዶ ድንጋይ ሲያስፈጭ ዋለ። ለቅሶው ግን ከሞተሩ በላይ ተሰማው። እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ ብረቶቹን ለምን አወጣ? የዚህ ሰውዬ ዕብደት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቢተው ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል፤ ጥያቄውን ግን አላቋረጠም። እጁ አያርፍም። አንድ ጊዜ ከብስክሌት ጎማ እህል የሚያነፍስ ማራገቢያ ሠርቶ፣ የራሱን ጤፍ ጎረቤት ግቢ አራግፎታል። ሌላ ጊዜ ጎህ ሲቀድ በራሱ የሚከፈት የዶሮ ቤት ሠራ፤ በሩ ጎህን ቀድሞ ተከፈተና ሸለምጥማጥ አሥራ አንድ ዶሮ በላበት። ከዚያ ወዲህ ስሙ "መሐንዲስ" ነው፤ ሲጠሩት ግን ከንፈራቸውን ገጥመው ሳቃቸውን እየዋጡ ነው። ሚስቱ የሻለም ብቻ ስቃበት አታውቅም፤ ዶሮዎቹ የእሷ ሆነው እንኳ።

ደረቅ አምባ ስሙን በከንቱ አላገኘም። ውሃው ከገደሉ ግርጌ ነው፤ የዝንጀሮ ውሃ ይሉታል፤ በበጋም አይጎድል። ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ጀሪካን አዝሎ ለመውጣት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የሻለም ጀሪካኗን እንዳዘለች አድጧት ግራ እጇ ከአንጓው ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ ጠምሞ ገጠመ። ሊጥ ስታቦካ ያ የጠመመ እጅ በታየው ቁጥር ቢተው ወጥቶ ገደሉን ቁልቁል ያያል። ሌላው ሁሉ ለጨዋታ ነበር፤ ውሃው ግን ለእሷ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከወፍጮ ቤቱ ነው። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ከላይ ከበርሜል በቧንቧ ይወርዳል። አንድ ቀን ቧንቧውን በድንገት ሲዘጋው "ጧ!" ብሎ ዘለለ። ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ያልፋል። ቢተው ግን ደንበኞቹን አቁሞ ሲከፍት ሲዘጋ ዋለ። የሚሮጥ ውሃ ድንገት ሲያቆሙት ይቆጣል። ቁጣው ጉልበት ነው። ጉልበት ከሆነ ለምን ሥራ አይሠራም?

በዚህ ጥያቄ ሁለት ዓመት ኖረ። በመጨረሻ ነገሩ እንዲህ ተገለጠለት፦ ውሃው ከምንጩ በቧንቧ ቁልቁል ይሮጥ፤ ከታች ያለውን ክዳን ራሱ ገፍቶ ይዝጋው፤ መንገድ ሲያጣ ይቆጣ፤ በቁጣው ትንሽዬ ውሃ በሌላ ክዳን ገፍቶ ወደ ዝግ ጠርሙስ ያስገባ። ጠርሙሱ ውስጥ የታፈነው አየር ያችን ትንሽ ውሃ በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ይስደዳት። የመጀመሪያው ክዳን በክብደቱ ይውደቅ፤ ውሃው እንደገና ይሩጥ። ናፍጣ የለ፣ መብራት የለ። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ቢፈስ አንዱ አፋፍ ይደርሳል።

ይህን በቅሬ ስብሰባ ላይ ሲያስረዳ ቢተውን ሲያይ ፊቱን የማይፈታው የቅሬው ጸሐፊ አምባቸው መዝገቡን አጠፈና "ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ጀብሪል ብቻ አልሳቁም፤ "ውሃው ራሱን ነው የሚወቅጠው እያለህ ነው እኮ" አሉ። እንደሰሙትና እንደገባቸው ቢተው ያን ጊዜ አወቀ።

ክዳኖቹን ከብሎንና ከጫማ ሶል ሠራቸው። ለጠርሙሱ ከተሰባበረ አውቶብስ ላይ ያገኘውን የእሳት ማጥፊያ አደረገ። ሽቅብ ለሚወጣው ከተቋረጠ የመስኖ ሥራ የተረፈ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ አገኘና አፉን እስከ አፋፉ፣ እስከ ጋሽ ጀብሪል አጥር ሥር ድረስ ዘረጋው፤ ገደሉ የሚቀርበው በዚያ ነው። ቁልቁል ለሚሮጠው ውሃም ፕላስቲክ ሞከረ፤ አልሆነም። ፕላስቲክ ያብጥና ቁጣውን ይውጠዋል። የሚያስፈልገው ብረት ነበር፤ አሥራ ስምንት ሜትር ብረት።

የቅሬው ድንኳን ብረት ደግሞ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር ነው። የአንዱ ጫፍ የሌላው አፍ ውስጥ ይገባል። ቢተው ያንን ክፍል በከፈተ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለት ዓመት ሆነው።

ዘንድሮ ከጥምቀት ወዲህ ደረቅ አምባ ሰው አልሞተም። ግንቦት ሲገባ ቢተው ራሱን "ለአንድ ሳምንት ብቻ" አለው። ሰው ራሱን ሲያታልል ምን ጊዜም ቀጠሮ ይሰጣል። ከአሥሩ ስድስቱን አወጣ፤ በቦታቸው የባሕር ዛፍ አጣና በሸራ ጠቅልሎ አቆመ። አልቆረጣቸውም፣ አልበሳቸውም፤ አንዱን አንዱ ውስጥ ከቶ በጎማ ላስቲክና በሽቦ ጠፈራቸው። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጀብሪል ታመሙ።

የዚያኑ ዕለት መመለስ ነበረበት። እንዳይመልሳቸው ግን መሣሪያው በየቀኑ "ነገ ይሠራል" የሚል መልክ እያሳየ ያዘው። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ መትቶ ቆመ። በማግስቱ ሰባት ጊዜ መትቶ ቆመ። የሻለም ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም፤ "ቢሞቱብህስ?" አለችው ብቻ። እሱም ጋሽ ጀብሪልን ሊጠይቅ ሄደ።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ነበር። ፈይዛ ውሃ ልታሞቅ ወጥታለች። ጋሽ ጀብሪል ዓይናቸውን ገለጡና "ያ ውሃህ ምን ደረሰ?" አሉት።

"የቱ ውሃ ጋሽ ጀብሪል?"

"ሽቅብ የሚወጣው።"

"ደህና ነው። ይሞካከራል።"

እጁን ያዙት። እጃቸው ቀልሏል፤ አያያዛቸው ግን ጠንካራ ነው። ጥፍሮቹ ሥር የገደሉ ቀይ አፈር አለ፤ መዳፉ ላይ ዝገት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

"ብረት አገኘህ ማለት ነው" አሉ።

ቢተው እጁን ሊያስለቅቅ ሳብ አደረገ፤ አልለቀቁትም።

"ስንት ቀን ይበቃሃል?"

"አራት" አለ፤ ሳያስበው አፉ ውስጥ የነበረው ቁጥር ወጣ።

ሽማግሌው "አራት ቀን ብዙ ነው" አሉ። ቀጥለውም ፈገግ የማለት ያህል ከንፈራቸውን አላቀው "እስቲ እሞክራለሁ። አብሽር፣ ሂድ ሥራህን ሥራ" አሉት።

ምኑን ነው የሚሞክሩት ብሎ አልጠየቀም። የትኩሳት ወሬ ነው ብሎ ራሱን አረጋግቶ ወጣ። እጁን ግን ዝንጀሮ ውሃ ወርዶ በአሸዋ አሸው፤ ሽታው አልለቅ አለው።

በአራተኛው ቀን ገና ወፍ ሲንጫጫ አህያዋን ነድቶ ገደሉን ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ አስቦ ያገኛት ነገር አለች፦ ክዳኑ ተዘግቶ የሚቀረው ስለቀለለ ነው፤ አንድ የብሎን ዳዶ ይጨመርበት። ዳዶውን ከኪሱ አወጣ። በክዳኑ ዘንግ ላይ አጠበቀው። ከላይ ምንጩ አፍ ላይ ያለውን መዝጊያ ከፈተና ወደ ታች ሮጠ።

ውሃው በብረቶቹ ውስጥ አጓራ። ክዳኑ ተንቀጠቀጠና "ጧ" ብሎ ተዘጋ። ቢተው ትንፋሹን ዋጠ። ክዳኑ ወደቀ። "ጧ።" እንደገና ወደቀ። አሥር ቆጠረ። ሃያ ቆጠረ። ሰባትን ከዘለለ በኋላ ማመን ቢያቅተውም መቁጠሩን አላቆመም። መቶ ሲሞላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያ የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ እንደ ሕፃን ደረት በልኩ ትር ትር ይላል። ቀጭኑ ቱቦ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ቱቦው ቀዝቅዟል፤ ውሃ አለበት፤ እየወጣ ነው።

ብቻውን ሳቀ። ቀጥሎ አለቀሰ። አሁን የሚቀረው መጠበቅ ነበር፤ ቱቦው እስከ አፋፉ ስልሳ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ያ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሞልቶ ሲፈስ ሮጦ ወጥቶ የሻለምን ይጠራታል፣ አምባቸውን ይጠራዋል፣ ሕዝቡን ያሳያል፤ ዛሬውኑ ከሰዓት ብረቶቹን ፈትቶ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ቅሬው ራሱ ብረት ይገዛለታል። ይህን ሁሉ እያሰበ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ አላወቀም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ከዚያች ድንጋይ ላይ ካልሆነ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ያን ጠዋት ግን የተቀመጠው በእሷው ላይ ነበር።

"ቢተው" አለች የሻለም። ድምጿን ሲሰማ አወቀ።

"አለፉ?"

"አሁን፣ ፀሐይ ስትወጣ። አምባቸው እዚህ ነው፤ ለአካፋና ለዶማው ቁልፉን ሰጥቼዋለሁ። ስለ ድንኳኑ ሊያናግርህ ይፈልጋል፣ እንካ ላገናኝህ..."

ቢተው ስልኩን ዘጋው። ዘግቶም አላበቃም፤ አጠፋው። የአምባቸውን ድምፅ ከሚሰማ እባብ ቢነድፈው መረጠ።

አሰበ፤ ማሰብ ከተባለ። በእስልምናው ሬሳ አይውልም፤ ቀብሩ ቀትር ላይ ነው። አሁን መቃብር ሊቆፍሩ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ሸራውን ይፈቱና ድንኳኑን ሊያወጡ ሲሉ አጣና ያገኛሉ። እስከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ግፋ ቢል ሁለት ሰዓት አለው። አሁን ብረቶቹን ከፈታ፣ አህያዋ ላይ ከጫነ፣ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ከገባ፣ ማንም ሳያውቅ ይተርፋል።

መሣሪያው ይመታል። "ጧ... ጧ... ጧ..."

አንዲት ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ቢያገኝ ኖሮ! ነገር ግን ዓይኑ ላይ የመጣው ምናለ ነበር፤ ትንሿን ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ከኋላው ሚስቱ ብቻ እየተከተለችው። ቀጥሎ የሻለም መጣችበት፤ ሞታ፣ ያ ጠማማ እጇ ደረቷ ላይ ተጣጥፎ፣ እሱ ብቻውን ሲቆፍር። ተነሳ። ወደ ምንጩ ወጥቶ መዝጊያውን ዘጋው።

መሣሪያው አንዴ መታና ዝም አለ። ዝምታው ቢተውን አስፈራው።

ሽቦውን በፒንሳ በጣጠሰው፤ ላስቲኩን በቢላ ቀደደው። የመጨረሻውን ብረት ከመሣሪያው ሊነቅል ሲታገል ጠርሙሱ ተንሸራቶ ወደቀና ቀጭኑ ቱቦ ከአንገቱ ተነቀለ። ውሃ በኃይል ፊቱን መታው። ወደኋላ ወድቆ እጁን ከለለ፤ ውሃው አላቆመም። ሸሚዙን አጠበው፤ ሱሪውን አጠበው፤ ጭቃውን ቦይ አድርጎ ወረደ። ቢተው ከጭቃው ውስጥ ሆኖ ያይ ጀመር። እስከ ግማሽ የሞላ ቱቦ በቶሎ ተንጠፍጥፎ ያልቃል። ይሄ ግን አላልቅ አለ። በዚህ ኃይል የሚወርድ ውሃ ከላይ ከአፋፉ እንጂ ከየትም አይመጣም።

ቱቦው ሙሉ ነበር።

በሐሳብ የነጎደበትን ጊዜ አልቆጠረውም እንጂ፣ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ምናልባት እሱ ስልኩን ሲያጠፋ፣ ምናልባት መዝጊያው ላይ እጁን ሲያሳርፍ፣ ከላይ ከቱቦው አፍ ውሃ ይፈስ ነበር። የውሃው ጅረት እየሳሳ ሄዶ ጠብታ እስኪሆን ድረስ ካለበት አልተነሳም። መልሶ እንዳይገጥመው ላስቲኩ ተቀዷል፣ ሽቦው ተበጣጥሷል፣ ጊዜውም ሄዷል። ሰው የገዛ እጁን የሚጠላበት ጊዜ አለ፤ ቢተው ያን ጊዜ ጠላው።

ብረቶቹን ሦስት ሦስት አድርጎ በአህያዋ ግራና ቀኝ አሰረ። ጫፋቸው መሬት ይጎተታል፤ በየድንጋዩ ላይ ሲያንቋቋ ገደሉ ያስተጋባዋል። "ቀስ በይ፣ ኧረ ቀስ በይ" ይላታል አህያዋን፤ ወዲያው ደግሞ ይገርፋታል። ዘወር ብሎ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚያስገባ መንገድ ነበር፤ ጠባብ ስለሆነ ብረቶቹ አላስኬዱም። በጋሽ ጀብሪል አጥር በኩል ከሚያልፈው ዋናው መንገድ ውጪ አማራጭ አልነበረውም። ሰው ሁሉ መቃብር ላይ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ።

አፋፉን ሲወጣ ደረቅ አምባ በሙሉ እዚያ ነበር።

ከጋሽ ጀብሪል በር ፊት ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ወንዶቹ በድንጋይና በቆዳ ጀንዲ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በአጥሩ በኩል ናቸው። ድንኳን የለም። ደረሱበት፣ አለቀልኝ አለ ቢተው በልቡ። ብረቶቹ አንዴ አንቋቁተው ቆሙ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ የለበሰ ሰው፣ አንዲት አህያ፣ ስድስት የቅሬ ብረት። ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አልነበረም።

አምባቸው ከመቀመጫው ተነሳ። "እነዚህ ብረቶች ከየት መጡ?"

ቢተው ሲመጣ መንገድ ላይ ሦስት ውሸት አዘጋጅቶ ነበር። ሦስቱም ጠፉበት።

"እኔ ነኝ ያወጣኋቸው" አለ። "ለውሃው። ሦስት ሳምንት ሆናቸው። በቦታቸው አጣና አቁሜያለሁ። አልቆረጥኋቸውም። ለድንኳኑ እንዲደርሱ ብዬ..."

"ለየትኛው ድንኳን?"

"ለጋሽ ጀብሪል ነዋ።"

አምባቸው ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ወደ ግራ መጋባት ተለወጠ። "ድንኳን እንዳይጣልልኝ ብለው ተናዘዋል እኮ። 'ሰው ከወይራዬ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ የቅሬው ሸራ አይፈታ' ብለዋል። በየሻለም ስልክ ልነግርህ ስል ዘጋህብኝ።"

ቢተው ወደ አምባቸው አንድ እርምጃ ቀረበ።

"መቼ ተናዘዙ?" አለ።

የመለሰችለት ፈይዛ ናት። ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ እጇ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። "የዛሬ አራት ቀን" አለች። "አንተ እንደወጣህ ሼኩን አስጠሩ። አባዬ ድንኳን ጠልተው አያውቁም፣ ምን ነካቸው ብለን ነበር።" ብረቶቹን አየች፤ ገባት። ጀሪካኑን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ሌላም ብለው ነበር" አለች። "'ከአጥሬ ሥር ካለው ቱቦ ውሃ ከወጣ፣ ገላዬን በሱ እጠቡኝ' አሉ። የሚሆን አልመሰለኝም። ያሉትን ላድርስ ብዬ ዛሬ ጠዋት ጀሪካኑን ደቀንሁ። አየር ነፋ፣ ነፋ፣ ከዚያ ወላሂ ውሃ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ አይተዋል። ያለ ሰው፣ ያለ ሞተር፣ ዝም ብሎ መጣ። እልል ልል ነበር፤ አባቴ ሞተውብኝ እልል ልል ነበር!" ጀሪካኑን ወዘወዘችው፤ ውስጡ ግማሽ የሆነው ውሃ ተንቦጫረቀ። "ግማሽ ሲደርስ ቆመ። ቢተው፣ ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

ቢተው ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ጭቃ የለበሱ እጆቹን አሳያት፤ "በእነዚህ ዘጋሁት" አለ።

ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ጊዜ ገለል ብለው ተነጋገሩ። የሻለም ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ባሏ አጠገብ ቆመች፤ መቆሟን ሁሉም አየው። አምባቸው ተመልሶ መጣ። ይህ ሰው ቢተውን ከቅሬው ለማስወጣት ዕድል ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን እጁ ላይ ወድቆለት ደስ ያለው አይመስልም።

"ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ዘንድ አይኖርም" አለ። "ያወጣ ይውጣ ያሉት ጋሽ ጀብሪል ናቸው። እሳቸው ደግሞ አውቀው በኑዛዜያቸው ከለሉህ። በሙት ዳኛ ላይ እኔ ሌላ ዳኛ አልሆንም። ግን ዓመቱን ሙሉ፣ እስላም ይሙት ክርስቲያን፣ መጀመሪያ ዶማ የምታነሳው አንተ ነህ። መጨረሻ የምታስቀምጠውም አንተ ነህ።" የፈይዛን ጀሪካን አየት አደረገ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ሰደቃው ካለፈ በኋላ ቅሬው ይሰበሰባል፤ ስለ ብረቱ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እስከዚያ አግባቸው።"

ግማሽ ጀሪካን ለገላ ትጥበት አይበቃም። የቀረው ከዝንጀሮ ውሃ መምጣት ነበረበት። የሻለም ማንም ሳያዛት ባዶ ጀሪካን አንስታ ገመዱን በጠማማ እጇ አጥብቃ አሰረችና ወደ ገደሉ ወረደች። ሌሎች ሁለት ሴቶች ተከተሏት። ቢተው እስከ ኩርባው ድረስ በዓይኑ ሸኛት፤ ከዚያ በላይ ማየት አልቻለም።

ቢተው መቃብሩ ቦታ ሲደርስ ቁፋሮው ተጀምሮ ነበር። ቆፋሪዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ማንም አልሰደበው፣ ማንም "መሐንዲስ" አላለው። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ዶማውን አነሳ። ደረቅ አምባ አፈሩ ክርር ያለ ነው፤ በየምቱ "ጧ" ይላል። ስንት ጊዜ እንደመታ አልቆጠረም፤ መቁጠር አስጠልቶታል። ወገቡ ድረስ ሲገባ "አራት ቀን ብዙ ነው፣ እስቲ እሞክራለሁ" ያሉት ትዝ አለው፤ ምኑን ሊሞክሩ እንደነበረ አሁን ገባው። ዶማውን ተደግፎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ከላይ የቆሙት ለጎረቤቱ ያለቀሰ መሰላቸው፤ እውነትም ነበር። እሱ ደጃፋቸው እየተመላለሰ ቀን ሲቆጥርባቸው፣ ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ሆነው ያንኑ ቀን ሲቆጥሩለት ነበር።